በሸምሱ ቴፕ ውስጥ የምትስቀው

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሊዘንብ ሲያጉረመርም፣ ከልጅ ልጄ ክፍል ሳቅ ሰማሁና እጄ የበሩ እጀታ ላይ ቀረ። ሄለን ሳቂታ ናት፤ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ስትገባ ጫማዋን በወጉ ሳታወልቅ ስልኳን ትከፍትና እነዚያን ብቻቸውን መድረክ ላይ ቆመው የሚቀልዱትን ልጆች ታያለች። እኔንም ጎትታ አጠገቧ ታስቀምጠኛለች። አንዱ ስለ ታክሲ ረዳት ያወራል፣ አንዷ ስለ ባሏ እናት፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይናገር ፊቱን ብቻ አጣሞ ያስቃል። ምን እደብቃለሁ፣ እወዳቸዋለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ጸሎትና ቀልድ ባይኖሩ ጉልበቴን ሳዳምጥ ነበር የምውለው። ዓይኔ ስለደከመ ደግሞ የቀልደኞችን የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ እየገዛች ታነብልኛለች። እሱስ ጉድ ነው፤ ሰው ሊስቅ ብሎ ይገዛውና ገና መሃሉ ሳይደርስ ቀልደኛው እናቱን ይቀብራል። ባለፈው ያነበበችልኝ ሰውዬ ከቀብር ተመልሶ በዚያው ቀን መድረክ ወጥቶ ሰዉን በሳቅ እንደገደለ ጽፏል። ሄለን መጽሐፉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ "እማማ፣ እንዴት ነው ሰው እንዲህ የሚሆነው?" አለችኝ። "ይሆናል" አልኳት።

የዛሬው ሳቅ ግን በር ላይ አቆመኝ። መጀመሪያ እንደ ስቅታ ይጀምራል፣ ከዚያ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፣ መጨረሻው ላይ ትንፋሽ ይስባል። ይህን ሳቅ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ከሰው አፍ አልነበረም፣ ከሸምሱ ቴፕ ነው። ያኔ የነበርኩት እዚሁ ሆሳዕና፣ እዚሁ ጎፈር ሜዳ፣ አሁን ይህ የብሎኬት ቤት በቆመበት ቦታ ላይ በነበረው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ የሰማሁትም ከዚያው ጥግ ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ዓመት መቁጠር የመንግሥት ሥራ ነው። እኔ የማስታውሰው አንድ ድንጋይ ባትሪ በስሙኒ ይሸጥ እንደነበር፣ ዶሮ በብር ገዝቶ መልስ የሚቀበል ሰው እንደነበር ነው። የሆሳዕና ዋና መንገድ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነበር፤ በገበያ ቀን ከሌሞ ገብስና ስንዴ የጫኑ የፈረስ ጋሪዎች ሲገቡ ከተማው በሙሉ የፈረስ ላብ ይሸታል። ወንዶቹ ካኪ ኮት ይለብሱ ነበር፤ ያውም ለለቅሶም ለሠርግም ያንኑ። ለሴቶቹ የናይለን ሻሽ የወጣበት ጊዜ ነው፤ ሻሹ ከጸጉሩ ሸርተት ካላለ ዘመናዊ አያሰኝም። አሮጌው ገበያ ጥግ ላይ አንድ የአረብ ሱቅ ነበር፤ ላምባ፣ ተምር፣ የፋኖስ መስታወት፣ ባትሪ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ቡና ቤት ሸክላ ሲዘፍን እኛ የወንጌል አማኝ ሴቶች አንገታችንን ደፍተን እናልፋለን፤ ዜማውን ግን ቤት ስንገባ በጉሮሯችን ይዘነው እናገኘዋለን። አሁን በዚያ ጥግ የስልክ ካርድና የልጆች ጫማ ይሸጣል።

ከዱራሜ አምጥተውኝ ለታደሰ ተዳርኩ። ታደሰ ሆመቾ አስተማሪ ስለነበረ ቅዳሜ በፈረስ ይመጣል፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ ይሄዳል። ሳምንቱን ሙሉ ከአባትና ከእናቱ ጋር ነበርኩ። ሙሽራ ማለት ያኔ ምን ማለት እንደሆነ ለሄለን ስነግራት ቀልደኞቿን የምትሰማ ይመስል በሳቅ ትንፈራፈራለች። በእኛ በከምባታም፣ በእነሱ በሀዲያም ምራት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ስሙን ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምረውን ቃል ሁሉ ትተወዋለች። ፊቱ አትበላም፣ ዓይኑን አታይም፣ እሱ ባለበት ቤት ድምፅ አውጥታ አትስቅም። የሳቀች ምራት አባቷ ቤት ትላካለች፣ ሽማግሌ እስኪመልሳት ትጠብቃለች፤ ብዙዎቹ ሲጠብቁ ነው ያረጁት። ይኸው ሰውዬው ካለፉ ስንት ዘመን ሆነ፣ እኔም አሮጊት ሆኜ፣ ዛሬም ስማቸውን አልጠራውም። የታደሰ አባት እላለሁ። እናቱንም የታደሰ እናት።

የታደሰ አባት የእህል ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ። ረጅም፣ ደረቅ፣ ቃላቸው በሚዛን የሚወጣ ሰው። አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻቸው፣ ማርታ የምትባል፣ የታደሰ ታናሽ። እኔ ከመዳሬ በፊት በነበረው ክረምት ዘመድ ጥየቃ ወደ ጊቤ ቆላ ወርዳ ወባ ይዟት መጣች፤ ሳምንት አልሞላትም። ፊቷን አላየሁትም። የማውቀው አረንጓዴ ቀሚሷን ብቻ ነው፤ መኝታ ቤታችን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነበር፣ ማንም አያወርደውም። በቀብሯ ቀን አባቷ አንዲት እንባ አላወጡም አሉ። እንግዳውን ተቀበሉ፣ ጸሎት መሩ፣ በማግስቱ ሱቃቸውን ከፈቱ። የታደሰ እናት ይህን በሆዳቸው ያዙት። እኔ ቤቱ ስገባ ሁለቱ አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው በሦስተኛ ሰው በኩል ነበር የሚነጋገሩት፤ ሦስተኛ ሰው ሲጠፋ ዝም ይላሉ።

ሸምሱን ያመጣልን ይሄ ዝምታ ነው። ሸምሱ ጎረቤታችን ነበር፣ እስላም፣ አዲስ አበባ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር። መድረክ የለ፣ አዳራሽ የለ፣ ቀልድ ያኔ ቤት ለቤት ነበር የሚዞረው። እሱ ከመንገድ ሲመጣ ሰፈሩ አንዱ ቤት ይሰበሰብና ንፍሮ እየተበላ እሱ መሃል ላይ ይቆማል። ሀዲያው፣ ከምባታው፣ ጉራጌው፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው፣ ሁሉም እንዲሰማው በአማርኛ ነው የሚያወራው፤ አማርኛውም የእኛው አማርኛ ነው፣ ተረከዙ ከበድ ይላል። የራሱን ሕይወት ነበር የሚያወራው፤ ዛሬ ቢሆን መጽሐፍ ያደርጉለት ነበር። የመኪና ረዳት ሳለ ተኝቶ ከጆንያ ላይ እንደወደቀና መኪናው ሳያውቅ ትቶት ወልቂጤ እንደደረሰ፣ አዲስ አበባ መጀመሪያ የገባ ቀን የሆቴል መስታወት ውስጥ ራሱን አይቶ "ይቅርታ ወንድም" ብሎ መንገድ እንደለቀቀ። ከሁሉ የሚወደድለት ግን የሙሽሪት ቀልዱ ነበር። የባሏ አባት ስም እሳት በሚባለው ቃል ድምፅ የሚጀምርባት አንዲት ሙሽራ ነበረች ይላል። አንድ ቀን ቤቱ ይቃጠላል። እሳት ማለት አትችልም። ሸምሱ ከአንዷ ሴት ነጠላ ተቀብሎ ይከናነብና፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ ወደ ጎረቤት እየሮጠ፣ "ያ ድስት የሚጣድበት፣ ያ በብርድ ቀን የምንወደው፣ ዛሬ ዝናብ የሚያርፍበት ቦታ ወጥቶ ተቀምጧል!" ይላል። ጎረቤት "እንግዳ ነው ወይ?" ይላታል። "የለም፣ ሁልጊዜ ከኛ ጋር ያመሻል፤ ዛሬ ግን የቤቱን ክዳን መብላት ጀምሯል።" "እንግዲህ ከጀመረማ ይጨርስ" ይላታል ጎረቤት፣ "ሰው ከማዕድ አይነሳም።"

ማርታ ለዚህ ቀልድ ነፍሷን ትሰጥ ነበር አሉ። አባቷ እያሉ ሳይቀር ትስቃለች፣ እሳቸውም "የሴት ልጅ ሳቅ ከደጃፍ አይለፍ" ብለው ተቆጥተው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ሸምሱ ከሞቷ በኋላ ለእኛ ቤት ክብር ሲል ቀልዱን ትቶት ነበር። ዓመቷ ካለፈ በኋላ ግን የታደሰ እናት ራሳቸው አስጠሩትና፣ "ያንን የምትወደውን አውራልኝ፣ ቤቱ አፈነኝ" አሉት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ፣ ቴፕ ሪከርደር ይዞ። እንደ ሻንጣ ያለ፣ ሁለት የክር መንኮራኩር ከላይ የሚሽከረከርበት፣ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ የገዛው። ድምፅ ይይዛል ሲባል ሰው ሁሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ባትሪው ደክሞ ስለነበር ሸምሱ ጠዋት ድንጋዮቹን መኪናው አፍንጫ ላይ ፀሐይ አስጥቶ አነቃቅቷቸዋል፤ ያኔ ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው፣ የሞተ ባትሪ ለአንድ ቀን ይነሳል። ቴፑን ሳሎኑ ጥግ ሣጥን ላይ አኖሩት። ከጥጉ በአንድ ወገን የጓዳው መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጫለሁ። በሌላው ወገን የመኝታ ቤቱ ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። የታደሰ አባት ቀልዱ ሊጀመር ሲል፣ "እኔ ትንሽ ልጋደም" ብለው ገብተው በሩን ዘጉ። ሸምሱ ጀመረ። ወደ ሙሽሪቷ ሲደርስ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር፤ እሱ ድምፁን አቅጥኖ ይጮኻል፣ ሰዉ ይንከባለላል፣ እኔ የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጎስጉሼ እንባዬ እየወረደ ተንቀጠቀጥኩ። ድምፅ ግን አላወጣሁም። ይህን ልብ በሉልኝ፣ አላወጣሁም።

በሳምንቱ ሸምሱ ከአዲስ አበባ አዲስ ባትሪ ይዞ መጣና ሰዉ የራሱን ሳቅ ሊሰማ ተሰበሰበ። የቡላው አተካና ተሠርቶ ነበር፣ ቅቤው እየተንሳፈፈ፤ እንዲህ ያለ ምግብ የሚሠራው ለደስታ ነው። ክሩ መዞር ጀመረ። የሸምሱ ድምፅ መጀመሪያ ደህና ነበር፣ እየቆየ ግን ቀጠነ፣ ሙሽሪቷ ላይ ሲደርስ የወፍ ድምፅ ሆነ። "መኪናዬ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ነው የምታደርገው" አለ ሸምሱ፣ ሰዉም ሳቀ። በረዶው ጩኸት ሆኖ መጣ። ከዚያ በረዶው መሃል፣ ከሁሉም ድምፅ ይልቅ ለቴፑ ቀርቦ፣ አንዲት ልጅ ሳቀች። እንደ ስቅታ ጀመረች፣ ቁርጥ ቁርጥ እያለች ወጣች፣ ትንፋሽ ሳበች፣ ደግሞ ሳቀች።

የሁሉም ዓይን መጋረጃው ላይ እንዳረፈ ሳላይ አወቅሁት። መጀመሪያ የተናገሩት የታደሰ አባት እህት፣ አክስት ጌጤነሽ ናቸው። ምላሳቸው ሰው አይምርም፣ ነፍሳቸውን ይማርና። "እንግዲህ የኛ ሙሽራ ናታ" አሉ። "ሰውዬው ተኝተዋል ብላ፣ በባል አባት ላይ በተቀለደ ቀልድ ስትገለፍጥ።" ታደሰ "ባሎቴ?" ብሎ በስሜ ጠራኝ። "አልሳቅሁም" አልኩ ከመጋረጃው ወዲያ። ድምፄ ለራሴም ውሸት መሰለኝ። ሌላ ወጣት ሴት በቤቱ አልነበረችም፣ ይህን ሁሉም ያውቃል። የታደሰ አባት ወለሉን እያዩ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው የአመድ መልክ ነበረው፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አይቻቸዋለሁ። በምራታቸው አፍረው ነው አልኩ።

ያን ጊዜ የታደሰ እናት ተነሡ። "ሸምሱ፣ ድገምልኝ" አሉ። ደገመላቸው። ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አቅርበው አዳመጡ። "ድገምልኝ" አሉ ደግሞ። ከዚያ ቀና ብለው፣ በእርጋታ፣ ገበያ ላይ የጠፋባቸውን ሰው እንዳገኙ ሆነው፣ "ምራቴን ተዉአት። ማርታዬ ናት" አሉ። ሸምሱ በከንፈሩ ቢስሚላህ እያለ ቴፑን ዘጋ፣ ሲሄድም አልወሰደውም። "ይህን ይዤ የጊቤን ቁልቁለት አልወርድም" አለ፤ የሁልጊዜ ቀልደኛ ስለሆነ አንድ ሁለቱ ሊስቁ አሉና ፊቱን አይተው ተዉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ እስከዛሬ በህልሜ ይመጣል። የታደሰ እናት በየቀኑ ዝናቡ የሚመጣበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ዘግተው፣ እኔን ቴፑ አጠገብ አስቀምጠው፣ "ክፈቺልኝ" ይሉኛል። አዝራሩን እኔ ተምሬው ነበር። ልጅቷ ትስቃለች። "ሰማሽ? ዛሬ ረዘም አደረገችው" ይሉኛል። ክሩ ያው ክር ነው፣ እንዴት ይረዝማል? ግን ሳዳምጥ የረዘመ ይመስለኛል። እየቆየ ሁለት ስኒ ወተት ማስቀመጥ ጀመሩ፣ አንዱን የሚጠጣው የለም። አረንጓዴውን ቀሚስ ከሚስማሩ አውርደው፣ "ልበሺው፣ ደስ ይላታል" አሉኝ። ለበስኩት፤ ልክ እኔን ሆነ፣ ይህ ነው ያስፈራኝ። ያኔ የሄለንን አባት አርግዤ ነበር። እጃቸውን ሆዴ ላይ አኑረው፣ "የምትስቀው መንገድ ላይ ስላለች ነው" አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቱ ጀርባ የእንሰቱ ቅጠል በነፋስ ሲፋተግ ሳቁን እሰማው ጀመር። ምንጭ ወርጄ እንስራዬ ሲሞላ፣ ውኃው አንገቱ ጋ ሲደርስ፣ እሰማዋለሁ። አንዳንዴም እኔ ራሴ ስቄ ይሆን? ነጠላውን አውጥቼ ስቄ፣ ከዚያ ረስቼው ይሆን? እል ነበር። ታደሰን "ሆመቾ ውሰደኝ" ብዬ ለመንኩት። "እናቴን በዚህ ሁኔታ ጥለሃት ሂድ ነው የምትይኝ?" አለኝ፣ እውነቱን ነው።

የታደሰ እናት ምግብ ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ተዉ፤ ዝናብ ይመጣልና ልጄ ብቻዋን ትሆናለች ይላሉ። አንድ ቀን አክስት ጌጤነሽ ጓዳ ድረስ ገብተው ክንዴን ያዙኝ። ክፋት አልነበረባቸውም ያን ቀን፣ ዓይናቸው ቀልቷል። "ልጄ፣ ወይ እመኚ" አሉኝ። "እኔ ነኝ የሳቅሁት በዪ፣ ሽማግሌ ፊት። አባትሽ ቤት ትንሽ ትቀመጫለሽ፣ ትመለሻለሽ። ካልሆነ ግን ይህች ሴት ዓይናችን እያየ ታብዳለች።" ሌሊቱን አሰብኩት። ያልሳቅሁትን ሳቅሁ ብል እኔ እዋረዳለሁ፣ ልጄ ከአባቱ ቤት ውጭ ይወለዳል። ዝም ብል ደግሞ ሴትዮዋ ከሙት ጋር ወተት እየጠጡ ያልቃሉ። እሑድ እናገራለሁ ብዬ ቆርጬ ለአክስት ነገርኳቸው፤ ሽማግሌም አስጠሩ።

ከእሑድ በፊት ባለው የገበያ ቀን አክስት ጌጤነሽ የታደሰን እናት በግድ ጎትተው ጃጁራ ዘመድ ቤት ወሰዷቸው። የታደሰ አባት እህላቸው ጋ ናቸው። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ዝናቡ በሰዓቱ መጣ፣ እኔም እጄ ለምዶ ይሁን ወይም አንዳች ነገር ገፍቶኝ፣ ሣጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። የምናዘዝበትን ሳቅ አንድ ጊዜ ልስማው፣ የእኔ ይሁን አይሁን ልየው አልኩ። ከፈትኩት። ሙሽሪቷ ጋ ሲደርስ ግን የሸምሱ ድምፅ ወፍ አልሆነም። ያው የሸምሱ ድምፅ ነው፣ ልክ በዚያ እሑድ በጆሮዬ እንደሰማሁት፣ ሴት የሚያስመስል የወንድ ድምፅ። ባትሪው ደክሟል፣ ሲቀዳ ደክሞ እንደነበረው። መንኮራኩሩ ሲጎተት አየሁት፤ በአዲስ ባትሪ ሲሮጥ ነበር ለካ ድምፁን የሚያቀጥነው። በረዶው መጣ። ከዚያ በረዶው መሃል የልጅቷ ሳቅ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ሰማሁ። ትልቅ ሰው፣ አፉን በአንድ ነገር አፍኖ፣ ከሆዱ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ትንፋሽ እየሳበ። የጣውላውን ግድግዳ ቀና ብዬ አየሁት፤ ሳቁ የመጣበትን ቦታ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

"እሱን ዝጊው፣ ልጄ" አለ አንድ ድምፅ ከኋላዬ። የታደሰ አባት በሩ ላይ ቆመዋል፣ እህሉን የሚሸፍኑበት ሸራ ሊወስዱ መጥተው፣ ካኪ ኮታቸው ውኃ ይንጠባጠባል። እስከዚያ ቀን አንድም ቃል አውርተውኝ አያውቁም። ዘጋሁት፣ ተከናንቤ ጥጌን ያዝኩ። እሳቸውም እንደ ወጉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ለግድግዳው እንደሚነግሩት ሁሉ ተናገሩ። "የሳቀ ሰው የለም" አሉ። "ያ ሹፌር ድምፁን እንደ ሴት ሲያቀጥን እሷ ታየችኝ። በረዶው እያለ ሰው አይሰማኝም ብዬ ነው።" የኮታቸውን ውኃ አራገፉና ቀጠሉ። "እናቷ እንዳትሰማ። ልጇ ስቃለች ትበል፤ ከእኔ ለቅሶ የልጇ ሳቅ ይሻላታል።" ፊታቸው አፌን ከፍቼ የማላውቅ ሴት፣ "እኔስ አባባ? እሑድ በሽማግሌ ፊት?" አልኩ። "አንቺን የሚነካሽ የለም" አሉ። ከዚያ ሣጥኑን ከፍተው ድንጋዮቹን አወጡ፣ ባርኔጣ እንኳ ሳያደርጉ በዚያ ዝናብ ወደ አረቡ ሱቅ ሄዱ፣ አዲስ ባትሪ አምጥተው አስገቡና ሸራቸውን ይዘው ወጡ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነኝ፣ አረንጓዴውን ቀሚስ አውልቄ የራሴን ለብሻለሁ። አክስት ጌጤነሽ ነገሩን ሊከፍቱ ሲሉ የታደሰ አባት ተነሡ። "ምራቴ አልሳቀችም" አሉ። "እንግዲያ ማን ሳቀ?" አሉ አክስት። ሰውዬው በዚህ ቤት ለዓመታት የሞተ አይመለስም፣ ከሙት ጋር መነጋገር ኃጢአት ነው እያሉ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ያስተማሯቸው ሁሉ ፊታቸው ተቀምጠዋል። "ልጄ ናት" አሉ። "ድምፅዋን አውቀዋለሁ። ማርታ ናት።" የታደሰ እናት እልል አላሉም፣ አልጮኹም፤ ባላቸውን ቀና ብለው አዩ፣ ዓመት ሙሉ ያላዩዋቸውን ያህል አዩዋቸው። ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው ወጡ። ከዚያ በኋላ የታደሰ አባት ጸሎት ምሩ ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ሽምግልናውንም ተዉት። ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እናም ነገሩ ተለወጠ እንጂ አላበቃም። ዝናብ በሚመጣበት ሰዓት የታደሰ አባት እህላቸውን ለሰው ትተው ቤት ይገባሉ። ከሚስታቸው ጎን ይቀመጣሉ። እኔ እከፍታለሁ። "ስማ፣ ስማ፣ ያቻት" ይላሉ የታደሰ እናት፣ ባላቸውን በክርናቸው እየነኩ። "አዎ" ይላሉ ሰውዬው፣ የገዛ ለቅሷቸውን እያዳመጡ። ሁለተኛውን ስኒ ወተት የሚጠጡት እሳቸው ሆኑ። የታደሰ እናት መብላት ጀመሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፣ ወንድ ልጅ ስወልድም ሴት ባለመሆኑ አልተቀየሙኝም። ባትሪው ግን አንድም ቀን ደክሞ አያውቅም። የታደሰ አባት ገና ድንጋዩ ግማሽ ሳይሆን ይቀይሩታል። አረቡ፣ "ሽማግሌው ባትሪ ይበላሉ ወይ?" ይል ነበር አሉ። ክሩ ሲበጠስ ሸምሱ ይቀጥለዋል፣ እስከመጨረሻው አልቆ ጭር ያለ ንፋስ ብቻ እስኪሆን ድረስ። ሸምሱ ያንን ቀልድ ዳግመኛ ሲያወራ አልሰማሁም።

የታደሰ አባት ቀድመው አለፉ። እናቱ አልጋ ላይ በዋሉበት ጊዜ እኔ ነበርኩ የማስታምማቸው፣ ያኔ እንደ ልጅ ነበር የሚያዩኝ። አንድ ቀን እጄን ይዘው፣ "ጥሩ ሰው ነበር፣ አይደል?" አሉኝ። "ነበሩ" አልኩ። "ደረቅ ነበር ግን። ልጁ ስትሞት አንድ ቀን አላለቀሰላትም። ይህ ብቻ ነው ከሆዴ ያልወጣው።" አፌ ድረስ መጣ። ግድግዳውን አየሁ፣ ያው ጣውላ ነው፣ ዋጥኩት። በሳምንቱ እሳቸውም አለፉ፣ እኔም ይህን ነገር ይዤ ይኸው ስንት መንግሥት ተቀየረ።

ከዚያ ወዲህ ሳቅ ሲባል ዝም ብዬ አልቀበለውም። ቀልደኛ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ሰዉ ሲንከባለል፣ እኔም አብሬ እየሳቅሁ አንድ ጆሮዬ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ዛሬም በሩ ላይ እንደቆምኩ ሄለን ክፍል ውስጥ ደግማ ሳቀች፤ እንደ ስቅታ፣ ቁርጥ ቁርጥ፣ ከዚያ ትንፋሽ። የማርታ የወንድሟ የልጅ ልጅ ናት፣ የሽማግሌው ደም ነው፣ ምን ይደንቃል አልኩ። አሁንስ የትኛውን ቀልደኛ ከፍታ ይሆን ብዬ ዞር ስል ስልኳ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ቻርጅ ተሰክቶ፣ ጠፍቶ። መጽሐፉም የኔው ወንበር ላይ እንደተወችው አለ። ውጭ በረዶው ቆርቆሮውን ይመታ ጀመር። ሳቅ ላይሆን ይችላል አልኩና ሳላንኳኳ ገባሁ።